አንግልሲ በባቡር መስኮት አትታይም

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ የተነሳው ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ሆሊሄድ ሲደርስ፣ ብዙ ተሳፋሪ ሻንጣውን እየጎተተ በቀጥታ ወደ ደብሊን መርከብ ያመራል። ያቋረጣትን ደሴት በመስኮት አይቷታል፤ በቃው። ሌላው ደግሞ ከመኪናው የሚወርደው ለአንድ ፎቶ ነው። ቦታው «ላንቫይርፑልግዊንጊልጎገረኽዊርንድሮቡልላንቲሲልዮጎጎጎኽ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ባቡር ጣቢያ ነው። በላቲን ፊደል 58 ሆሄ የሚፈጀው ይህ ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ የተራዘመው መንገደኛ ለመሳብ ነበር። ብልሃቱ ሠርቷል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ።

አንግልሲ፣ ዌልሶች በራሳቸው ቋንቋ አኒስ ሞን የሚሏት፣ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ የምትገኝ 714 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 69 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ደሴት ናት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠረፏን የሚከተለው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ በ2006 በይፋ ተከፈተ፤ በ2012 ደግሞ መላውን የዌልስ ጠረፍ የሚያካልለው የ1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ አካል ሆነ። መነሻው ሆሊሄድ መሐል ያለው የቅዱስ ከቢ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ሮማውያን በሠሩት ምሽግ ቅጥር ውስጥ ስለሆነ፣ ተጓዡ ገና መንገዱን ሳይጀምር ከ1,600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ግንብ ያገኛል። ለደብሊን መርከብ የሚጣደፈው ሰው ይህን ሁሉ እዚያው አፍንጫው ሥር ትቶት ይሄዳል።

ደሴቲቱ በእግር ካልሆነ በቅጡ አትታወቅም የሚባለው ስለ ውብ ገደሎቿ ብቻ አይደለም። ታሪኳ በባሕር የመጣ ታሪክ ነው። የመጣው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ፈልጎ ነበር፤ አንዱ መሬቷን፣ አንዱ መዳቧን፣ አንዱ በላይዋ ማለፊያ መንገድ። ይህን ለመረዳት ከባሕሩ ዳር ቆሞ ወደ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል።

በ60 ወይም 61 ዓ.ም. የሮማ ጦር የሜናይን ወሽመጥ ተሻግሮ ድሩይድ የሚባሉትን የኬልቶች ካህናት እንደፈጀ ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል። ታሲተስ የአሸናፊው ወገን ነውና ወሬውን በጥንቃቄ መስማት ይሻላል። የተሸናፊዎቹ ቃል አልተጻፈም፤ ዕቃቸው ግን ተገኝቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942 እና 1943፣ በምዕራብ ጠረፍ ለቫሊ አየር ማረፊያ ግንባታ ከአንድ ረግረግ ጥቁር አፈር ሲወጣ አንድ ረጅም የብረት ሰንሰለት ብቅ አለ። ሠራተኞቹ በትራክተር ላይ አስረው ጭቃ የያዛቸውን የጭነት መኪኖች ጎተቱበት። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ኋላ ሲመረመር የምርኮኞችን አንገት በተርታ ለማሰር የተሠራ፣ 2,000 ዓመት ያህል የሆነው የባሪያ ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ! ከዚያው ረግረግ ሰይፍ፣ ጦርና የሠረገላ ክፍሎች ጭምር ከ150 በላይ ዕቃዎች ወጡ፤ ዛሬ በዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ይዞታ ናቸው። ቫሊም እስካሁን የአየር ኃይል ሰፈር ነው፤ የጠረፉ መንገደኛ ራሱን ደፍቶ ሲሄድ የጦር አውሮፕላን በላዩ ያልፋል።

ቀጥሎ የሚጎበኘው የቦማሪስ ከተማ ነው። ማዶግ አፕ ልዌሊን የመሩት የዌልሶች አመፅ ከከሸፈ በኋላ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1295 እዚህ ቤተ መንግሥታዊ ምሽግ አስጀመረ። ዋና መሐንዲሱ ጄምስ ኦፍ ሴንት ጆርጅ በ1296 ለንጉሡ ግምጃ ቤት በላከው ደብዳቤ 400 ግንበኛ፣ 2,000 የቀን ሠራተኛና 200 ድንጋይ ፈላጭ እንደያዘ ዘርዝሮ፣ ለሳምንት 250 ፓውንድ ካልመጣ ሥራው እንደሚቆም አስጠንቅቋል። ገንዘቡ ወደ ስኮትላንድ ጦርነት ዞረ፤ ማማዎቹም ታስቦላቸው የነበረው ቁመት ላይ ሳይደርሱ ቀሩ። በውኃ ጉድጓድ የተከበበው ድርብ ቅጥር ግን በአውሮፓ ከታነጹት ምሽጎች ሁሉ የተመጣጠነ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ዩኔስኮ በ1986 ከሦስት የአካባቢው ግንቦች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጎብኚው ፎቶውን ሲያነሳ አንድ ነገር አይርሳ። ለምሽጉና ለአዲሱ ከተማ ሲባል በአቅራቢያው ላንቫይስ ይኖሩ የነበሩ ዌልሳውያን ተነቅለው በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ኒውበራ ላይ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ዛሬ ኒውበራ የሚሄድ ሰው ጥድ ጫካውንና አሸዋውን አቋርጦ የዌልስ አፍቃሪዎች ጠባቂ ቅድስት ድዊንዌን ወደኖረችበት ላንድዊን ይሻገራል። የሄደበት መንደር አጀማመር ግን ስደት ነው።

በሰሜን ከጠረፉ ጥቂት ገባ ብሎ ፓሪስ ተራራ አለ (ከፈረንሳዩ ፓሪስ ጋር አይዛመድም)። በ1768 ትልቅ የመዳብ ክምችት ተገኝቶበት፣ በ1780ዎቹ ከዓለም ታላላቅ የመዳብ ማውጫዎች አንዱ ሆነ። መዳቡ የብሪታንያ የጦር መርከቦችን ሆድ ከእንጨት በል ትሎች ይጠብቅ ነበር። ከዚያው ንግድ የወጣ መዳብ ግን በምዕራብ አፍሪካ ሰው የሚገዛበት አምባርም ሆኗል። አሁን ተራራው ቀይ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ባዶ ጉድጓድ ነው። ካሜራ ይዞ የሚመጣው በቀለሙ ይደሰት፤ አምባሩንም ይወቅ።

የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይስ? መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ በ1826 ያስመረቀው፣ በማዕከሉ 176 ሜትር የሚዘረጋው ይህ ድልድይ በዋናነት የታሰበው ለደሴቲቱ ሰው አልነበረም። የአየርላንድ ፖስታና የአየርላንድ የፓርላማ አባላት በፍጥነት ለንደን እንዲደርሱ ነው። ከዚያ በፊት ለገበያ የሚነዱ ከብቶች ወሽመጡን በዋና ይሻገሩ ነበር። ድልድዩ ያማረ ነው፤ የደሴቲቱን መሸጋገሪያነት ያጸናውም እሱ ነው።

ዛሬ በዚህ መስመር የሚመጣው ጎብኚ ነው፤ እሱም ፈላጊ መሆኑን ማመን አለበት። በ2021ዱ ቆጠራ ከነዋሪው 56 በመቶ ገደማ ዌልስኛ ይናገራል፤ በመላው ዌልስ ግን ቁጥሩ 18 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህ ቋንቋ የሚኖረው የመንደሩ ወጣት በመንደሩ ቤት ሲያገኝ ነው። ባሕር የሚያይ ቤት ለዕረፍት ብቻ በሚከፍቱት ሰዎች እጅ ሲገባ ወጣቱ ይለቃል። ለዚህ ነው ከ2023 ጀምሮ የዌልስ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር እንዲጥሉ የተፈቀደላቸው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ምክር ቤቶች ከፈለጉ ከ2027 ጀምሮ ከአዳሪ እንግዳ በሰው በሌሊት 1.30 ፓውንድ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። አንዳንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ገበያችን ይሸሻል ብለው ሰግተዋል። ስጋቱን መናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ገንዘብ የሚያስቀረው እንግዳ መጀመሪያውኑ ለመንደሩ ብዙ የሚተው አይደለም። ክፍያው ትክክል ነው።

በብሪታንያ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ለዕረፍት ሲያስብ ሆሊሄድ ወርዶ፣ መርከቡን ትቶ፣ ወደ ምዕራብ ይራመድ። በ1809 የተሠራው የሳውዝ ስታክ መብራት ቤት 400 ያህል ደረጃ ወርዶ ይደረስበታል፤ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ገደሉ በባሕር ወፎች ይሞላል። ማደሪያውን መንደር ውስጥ ይያዝ፣ እራቱንም እዚያው ይብላ። ወደ ላንድዊን ወይም ባሕር መካከል ወዳለችው የቅዱስ ኩዊቫን ቤተ ክርስቲያን ከመሻገሩ በፊት ግን የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ይመልከት፤ ሙላቱ ሲበረታ ሁለቱም መንገዶች ይዘጋሉ።