ሣቅ ያለበት ጠብ

ከደሃናና ከሰቆጣ የመጣን ተማሪዎች የጃኪ ቻንን ፊልም ስንወድ «ጠብ ትማራላችሁ» እያሉ የሚወቅሱን ጓደኞች አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ጠብንማ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲገባ አይተነዋል፤ አንዳች የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። በቻን ፊልም ግን ጀግናው ይፈራል፤ ይሸሻል፤ ሲመታም ያመዋል። ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ጠመንጃ ሳይሆን ወንበርና መሰላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው «ፕሮጀክት ኤ» ከሰዓት ማማ ላይ የወደቀው ቻን ራሱ ነው፤ በመጨረሻም የከሸፉት ሙከራዎች ለተመልካች ይታያሉ። ለዚህ ያበቃውም ከልጅነቱ ጀምሮ በሆንግ ኮንግ የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ያገኘው ጥብቅ ሥልጠና ነው። እንግዲህ የተማርነው መደባደብን ሳይሆን ወድቆ መነሣትን ነው። ለዋግ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ? ወቃሾቻችን ሆይ፥ እስቲ አንድ ቀን አብራችሁን ሣቁ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ!