ባዶው ጋቢና፦ ስለ ማዕድን መሣሪያ ሞዴሎችና ስለ እውነታዊነት

በኢንዱስትሪ በበለጸጉት አገሮች፣ በተለይም በጀርመንና በሰሜን አሜሪካ፣ የከባድ ማዕድን ማውጫ መሣሪያዎችን ጥቃቅን ሞዴሎች መሰብሰብ የአያሌ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ገልባጭ መኪናው፣ ዶዘሩ፣ ተራራ የሚንደው ኤክስካቫተር በሃምሳ እጅ አንሶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። የሰብሳቢዎቹ ጠበቆች ስለዚህ ሥራ ሲናገሩ ሁለት ቃላት ከአፋቸው አይለዩም፤ አንደኛው «ትክክለኛነት»፣ ሁለተኛው «ፍጹምነት» ነው። የብሎኑ ቁጥር ሳይጎድል፣ የመሰላሉ እርከን ሳይዛነፍ፣ የሃይድሮሊኩ ቱቦ እንኳ ሳይቀር መቀረጹን እየጠቀሱ፣ ከዚህ የበለጠ እውነትን የሚናገር የእጅ ሥራ ከወዴት ይገኛል ይላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአሻንጉሊት ወግ ቢመስልም፣ አባባሉ በሥነ ጽሑፍም በሥዕልም በቲያትርም ዘንድ ሲያከራክር የኖረውን የእውነታዊነት ጥያቄ በስሕተት የሚመልስ በመሆኑ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

በመጀመሪያ፣ ሞዴሉ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዚህ ሥራ እምብርት ኑረምበርግና አካባቢዋ ነው። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ በአሻንጉሊት ሠሪዎቿ የታወቀች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው ኤንዜትጌና ከከተማዋ አጠገብ ያለው ኮንራድ የ1 ለ50 መጠንን የሙያው መለኪያ ካደረጉት ድርጅቶች ዋነኞቹ ናቸው። ከመቶ አራት እጅ ያህል አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ዚንክ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ፣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማፍሰሻ ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ ይሞረዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጥቃቅኑ ክፍል በእጅ ይገጣጠማል። በዛሬው ጊዜ የዚህ የእጅ ሥራ ብዙው ድርሻ በቻይና ፋብሪካዎች የሚከናወን ሲሆን፣ የገጣጣሚዎቹ ስም በካርቶኑ ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው የእውነተኛው መሣሪያ አምራች ስምና አርማ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ከእነዚህ ሞዴሎች ብዙዎቹ የታዘዙት በመሣሪያ አምራቾቹ በራሳቸው ነበርና፤ ለደንበኛ የሚበረከት ስጦታ፣ በሽያጭ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማስታወቂያ እንዲሆኑ ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን የሚያየው ዓይን ገና ከጅምሩ የሻጭ ዓይን ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ጭቃ አልነካውም፤ ማንም አልደከመበትም።

ታዲያ ያ የተመሰገነው ትክክለኛነት የሚቆመው የት ላይ ነው? ጋቢናው ላይ ነው። ካተርፒላር 797 የተባለውን፣ በአንድ ጉዞ ከ350 ቶን በላይ የሚጭነውን ገልባጭ መኪና እንውሰድ። ቁመቱ አራት ሜትር የሆነው ጎማው በ1 ለ50 ሞዴል ላይ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጥርሱ አንድ በአንድ ይታያል። ወደ ጋቢናው የሚያወጣው ደረጃ አለ፤ መደገፊያው አለ፤ መሪው አለ፤ ወንበሩም አለ። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን የለም። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሆነ ኦፕሬተር በዚህ መጠን ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የብሎን ራስ መቅረጽ የቻለ ሙያ ይህን መቅረጽ አቃተው ቢባል የሚያምን አይገኝም። ሰውየው የቀረው አስፈላጊ ሆኖ ስላልተገኘ ነው። እውነተኛው መሣሪያ ያለ ሰው ሥራ አንዲት ጠጠር የማያነሣ ሆኖ ሳለ፣ ሞዴሉ ራሱን ችሎ የቆመ፣ ማንንም የማይፈልግ ፍጡር መስሎ ይታያል።

ፍሪድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1888 ለእንግሊዛዊቷ ደራሲ ለማርጋሬት ሃርክነስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የዝርዝር ነገር ትክክለኛነት ለእውነታዊነት ብቻውን እንደማይበቃና ሰዎች ከሚኖሩበት ሁኔታ ጋር በእውነት መቀረጽ እንዳለባቸው አመልክቷል። ሃንጋሪያዊው ጊዮርጊ ሉካችም በ1936 ባወጣው ጽሑፍ ተረክን ከገለጻ ለይቶ፣ ገለጻ ብቻውን ሲሠለጥን ሰው ከዕቃ ተራ እንደሚወርድ ተከራክሯል። የእነዚህ ጸሐፍት ፖለቲካ ብዙ ያነታረከና ዛሬም የሚያነታርክ ቢሆንም፣ በዚህ ነጥብ ላይ የሞዴሉ ባዶ ወንበር ምስክራቸው ነው። የቅኔ መምህር ቢጠየቅ ጉዳዩን ባጭሩ ይዘጋው ነበር፤ ሰሙ ተጠርቦ፣ ተስሎ፣ ተወልውሎ ወርቁ የጠፋበት ቅኔ ነው።

መጠን የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። በጀርመን አገር በክሩፕ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጠናቀቀው ባገር 288 የተባለው ባለ መንኮራኩር ቆፋሪ 13,500 ቶን ይመዝናል፤ ርዝመቱ 220 ሜትር፣ ቁመቱ 96 ሜትር ያህል ነው። በመንኮራኩሩ ዙሪያ በተተከሉት 18 ባልዲዎች በቀን 240,000 ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ታስቦ ተሠራ። ይህ ማሽን በ1 ለ50 ቢሠራ ርዝመቱ አራት ሜትር ከአርባ ይሆናል። ክብደቱ ግን በሃምሳ ሳይሆን በ125,000 ይካፈላልና፣ በዚያው ብረት እንኳ ቢሠራ 108 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ምድርን የሚያስጨንቀው ኃይል ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው የሚያነሡት የቤት ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ሞዴል ሁሉ የሚሰጠው ደስታ ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ የሚያስፈራው ነገር ለእጅ ይታዘዛል። ይህ ደስታ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ደስታውን እንደ እውቀት መቁጠሩ ነው።

ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሃምባህ ማዕድን ወደ ጋርዝቫይለር ማዕድን 22 ኪሎ ሜትር ራሱ እየተጓዘ፣ አውራ ጎዳናና ወንዝ ተሻግሮ፣ ሦስት ሳምንት ያህል በፈጀ ጉዞ መዛወሩን የማያውቅ ሰብሳቢ የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የሆነውስ? በጋርዝቫይለር ማዕድን መንገድ ላይ የነበረችው ኢመራት የተባለች መንደር ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደርጎ፣ ሕዝቡ ካቴድራል እያለ ይጠራው የነበረው የቅዱስ ላምበርት ቤተ ክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፈረሰ። ሉትሰራት የተባለችውን መንደር ደግሞ ፖሊስ በጥር 2023 ተቃዋሚዎችን አስወጥቶ ባዶ አደረጋት። ጉድጓዱ፣ መንደሩ፣ ከሰሉን የሚያነደው የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ማሽኑን ከዚያው ኤሌክትሪክ የሚመግበው ወፍራም ገመድ ሁሉም የማሽኑ አካላት ናቸው። ሞዴሉ ግን በተወለወለ ጣውላ ላይ ብቻውን ይቆማል። ሞዴል የመንደር ታሪክ እንዲናገር አይገደድም የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። መልካም፤ እንግዲያው «ፍጹም» የሚለውን ቃል ያንሣልን።

ከዚህ የተለየ መንገድ እንደነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ጀርመን ውስጥ ይገኛል። በሳክሶኒ የማዕድን ተራሮች፣ በአካል ጉዳት ወይም በእርጅና ከጉድጓድ የወጡ ማዕድን ቆፋሪዎች እንጀራቸውን ለማግኘት በጀርባ የሚታዘል የእንጨት ሣጥን ይሠሩ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት በውስጡ ማዕድኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ እንደሚታይ ሆኖ ተቀርጿል። ባለ ሣጥኑ በገበያ መካከል ቆሞ እጀታውን ሲያዞር ከእንጨት የተቀረጹት ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ መዶሻ ያነሣል፣ አንዱ ጋሪ ይገፋል፣ ሌላው ማውጫውን ገመድ ይጠቀልላል። መጠኑ የተዛባ ነው፤ ሰውየው ከሚቆፍረው ዋሻ ጋር ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል፤ የብሎን ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ሆኖም ማን እንደሚወርድ፣ ማን እንደሚሸከም፣ ጭነቱ በማን ክንድ ወደ ላይ እንደሚወጣ ተመልካቹ በአንድ ዕይታ ይረዳዋል። ሠሪው የሚያውቀውን ሠራ፤ የሚያውቀውም በክንዱና በሳንባው ነበር። በተለኪ ትክክለኛነት የኑረምበርጉ ሞዴል ይበልጠዋል፤ በእውነት ግን ያ የተንጋደደ ሣጥን ይበልጣል። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ልክ እንደ ፎቶግራፍ» የሚለውን ቃል ለተማሪ ሥራ የመጨረሻ ምስጋና አድርገው የሚሰጡ መምህራን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያዩ ይጠቀማሉ።

በሰብሳቢዎቹ መካከልም ክርክር አለ። ጥቂቶች ሞዴሉን ከካርቶኑ አውጥተው አቧራ ይቀቡታል፤ ባልዲው ላይ ጭረት፣ ጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ፣ ሰንሰለቱ ላይ ዝገት ያወጡበታል፤ ከሥሩም የጉድጓድ መሬት ያነጥፉለታል። ብዙኃኑ ግን ይህን እንደ ነውር ያዩታል፤ ምክንያታቸውም የሥነ ውበት አይደለም። ቀለም የተጨመረበት፣ ካርቶኑ የተቀደደ ሞዴል በገበያ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ መሬት ለመቆፈር የተፈጠረ መሣሪያ ምስል መሬት እንዳይነካው ይጠበቃል፤ አልፎ አልፎም ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የሚገርመው፣ ካርቶኑ ራሱ ዋስትና አለመሆኑ ነው። በዚንኩ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ገብቶ እንደ ሆነ ብረቱ ከዘመናት በኋላ ከውስጡ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል፤ በድሮ ሞዴሎች ላይ በተደጋጋሚ የታየ ደዌ ነው። አቧራ ቀቢዎቹ በገንዘብ ቢከስሩም ከኪነ ጥበብ አጠገብ የቆሙት እነሱ ናቸው። ዝገት የሥራ ታሪክ ነውና።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቀድሞውንም የከበርቴ መጫወቻ ነው» ብሎ በሩን የሚዘጋ ካድሬ ቢኖር፣ እሱም ከስሕተት አይድንም። ማሽኖቹ ይሞታሉ። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው ቢግ መስኪ፣ በአንድ ዝቅታ 168 ሜትር ኩብ አፈር የሚያነሣው፣ በእግሩ የሚራመደው ባለ ገመድ አካፋ፣ በ1991 ቆሞ በ1999 ለቁርጥራጭ ብረት ተቆራረጠ። ዛሬ ለሕዝብ የቀረው አካፋው ብቻ ነው፤ ለማዕድን ሠራተኞች መታሰቢያ በተከለለ ስፍራ ተቀምጧል። የአካፋው ክንድ በምን ገመድ ይንጠለጠል እንደነበር፣ እግሮቹ እንዴት ተነሥተው እንዴት ይወርዱ እንደነበር በሦስት ገጽታ ለማየት የሚሻ ተማሪ ወደ ሞዴል መመለሱ ግድ ነው። ፎቶግራፍ ከአንድ ወገን ያያል፤ ንድፍ ለባለሙያ ብቻ ይነበባል፤ ሞዴል ግን ዞር ተብሎ ይታያል። ስዊድናዊው ክሪስቶፈር ፑልሄም፣ እሱም በፋሉን የመዳብ ማዕድን የሠራ መሐንዲስ፣ መካኒክን ለማስተማር የእንጨት ሞዴሎችን እንደ ፊደል ገበታ የተጠቀመው ለዚህ ነበር። የሰብሳቢዎቹ ትጋት ይህን ያህል ጥቅም አለው፤ ሊነፈጉት አይገባም።

ጥያቄው እንግዲህ ሙዚየሞችና ትምህርት ቤቶች ከሰብሳቢዎቹ ሣጥን ምን ይወስዳሉ የሚለው ነው። ሞዴሉን ብቻ ከወሰዱ የሻጩን ዓይን ወረሱ። በጀርመን በሊሽተርፌልድ የሚገኘው፣ ኤፍ 60 የተባለው 502 ሜትር ርዝመት ያለው የማዕድን ድልድይ ከአንድ ዓመት እምብዛም ያልዘለለ አገልግሎት ሰጥቶ በ1992 ከቆመ በኋላ ሳይቆራረጥ ቀርቶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ይህ ግን ለጥቂት ማሽኖች ብቻ የሚደርስ ዕድል ነው፤ ለቀሩት ያለው የመስታወት ሣጥኑ ነው። ከሞዴሉ ጎን የኦፕሬተሩ የሌሊት ተራ ትረካ፣ የበያጁ ጓንት፣ የተነሣችው መንደር ካርታ ሊቆም ይችላል፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ጋቢናውንም በተመለከተ፣ ለሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎች ተብለው የሚሠሩ የ1 ለ50 የሰው ምስሎች በገበያ ላይ አሉ። ከእነሱ አንዱን በወንበሩ ላይ ለማስቀመጥ ጥቂት ሙጫና ጣሪያውን ለመንቀል መድፈር ይበቃል። ያን ጊዜ ታዲያ ሞዴሉ ዳግመኛ እንደ አዲስ አይሸጥም።