ሕግ ብቻውን ውኃ ዳር አያደርስም

በሎስ አንጀለስ የፓስፊክ ውቅያኖስን ዳርቻ ተከትሎ የተዘረጋ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት መንገድ አለ። ከዊል ሮጀርስ ዳርቻ ተነሥቶ በሳንታ ሞኒካና በቬኒስ በኩል ያልፍና፣ የጀልባ ማቆሚያውን ማሪና ዴል ሬይን ዞሮ ቶራንስ ላይ ያበቃል። በስሙ የተሰየመለት ማርቪን ብራውዲ የከተማዋ ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነው። እዚያ የሚነዳው ሰው አብዛኛው የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም፤ ፔዳሉን ቀስ እያለ እየረገጠ በአንድ ጎኑ አሸዋና ማዕበል፣ በሌላው ካፌና መኖሪያ ቤት እያየ ይሄዳል። በሄርሞሳ ዳርቻ፣ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው የእግረኛ ድልድይ አጠገብ ሰው ሲበዛማ ብስክሌቱን መግፋት ግዴታ ነው። ይህን የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን የውኃ ዳር የሕዝብ ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ እንዲህ ያለ መንገድ ከሕጉ እኩል ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ማስረጃው ከመንገዱ ሰሜናዊ ጫፍ ጥቂት አለፍ ብሎ ማሊቡ ላይ ይገኛል። ባሕሩ ያው ነው፤ ሕጉም ያው ነው። በካሊፎርኒያ ማዕበል የሚያረጥበው አሸዋ የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 መራጮች ዳርቻውን የሚጠብቅ ኮሚሽን በድምፃቸው አቋቋሙ፤ በ1976 ደግሞ የባሕር ዳርቻ ሕግ ወጣ። ሆኖም በማሊቡ ብዙ ቦታ ቤቶቹ ጎን ለጎን ተገጥግጠው ባሕሩን ከአውራ ጎዳናው ጋርደውታል። አንድ ባለጸጋ በ1983 የግንባታ ፈቃድ ሲሰጠው በግቢው በኩል ለሕዝብ መተላለፊያ ሊለቅ ተስማምቶ ነበር፤ በሩ የተከፈተው ግን ከብዙ ሙግት በኋላ በ2005 ነው። አሸዋው ያን ሁሉ ዓመት በወረቀት የሕዝብ ነበር። ከሳንታ ሞኒካ ወደ ደቡብ ግን በየቀኑ ሺዎች የሚመላለሱበትን መንገድ ማንም በአጥር ሊዘጋው አይደፍርም፤ ቢሞክር በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። መብት የሚከበረው ሲጻፍ ብቻ ሳይሆን ሲረገጥም ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ግን ከሐይቁ ዳር ያለው ጥሩ ጥሩ ቦታ ብዙው የሆቴልና የመዝናኛ ግቢ ነው፤ ውኃውን ተቀምጦ ለማየት ቢያንስ ማኪያቶ ማዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ሐዋሳ ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው አካባቢ ሕዝቡ እንደ ልቡ የሚንሸራሸርበት ዳርቻ መኖሩ ነገሩ ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ ያሳያል።

«ዳቦ ለቸገረው ሕዝብ ሽርሽር ምኑ ነው?» የሚሉ አይጠፉም። ባጃጅ ሳይበዛ በፊት የባሕር ዳር መለያ ብስክሌት እንደነበር ረስተዋል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ እሑድ ቤተሰብ የሚዝናናበት መንገድ ሰኞ ሠራተኛና ተማሪ ያለ ነዳጅ የሚሄድበት ነው። ሕዝብ በደጃችን ካለፈ ገበያችን ይቀዘቅዛል የሚለው የሆቴል ባለቤቶች ስጋትም አያሳምነኝም፤ በሳንታ ሞኒካ ውድ የሚባሉት ሆቴሎች በራቸውና አሸዋው መካከል ሕዝብ እያለፈ ነው ገበያቸው የደራው። ክብደት ያለው ተቃውሞ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎቹ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ደንገሉ የአሣ መራቢያና የወፍ ማደሪያ፣ የታንኳ ሠሪውም ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ መንገዱ ረግረጉን ደልድሎ ሳይሆን ከደንገሉ ጀርባ፣ በደረቁ መሬት መሄድ አለበት። እንዲያ ሲሆን ግንባታ የማያልፈው ድንበር ይሆናል፤ ማን ወደ ውኃው እንደተጠጋም በዓይን ይታያል።

ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። አጥር ከቆመ በኋላ መንገድ ማውጣት ካሳና ፍርድ ቤት ነው፤ ማሊቡ ምስክር ናት። የሐይቅ ዳር ከተሞቻችን ምክር ቤቶች ቀጣዩን የዳርቻ ቦታ በሊዝ ከማውጣታቸው በፊት የመንገዱን መስመር በፕላናቸው ላይ ያስምሩ።