የአምባሰል ቃና ሳይጎድል ይድረስ

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ሲኖር፣ በዚያው አካባቢ ካለ አገር ስሙን የወረሰው፣ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው አምባሰል ግን በየቤቱ ኅፀፅ በበዛበት ድምፅ መሰማቱ እጅግ ያሳዝነኛል። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ግማሽ እርከን ብቻ ከፍ የሚል ረቂቅ ድምፅ ያለው ቅኝት ነውና፣ የማሲንቆው ጭራ ሲሳብ የሚሰማው ሻካራ ትንፋሽና የክራሩ ጅማት ከተመታ በኋላ እየከሰመ የሚሄደው ድምፅ ከተቆረጠበት፣ ዜማው ቢታወቅም ለዛው ይጎድላል።

ድምፅን ሳይሸራርፍ የሚያምቀው ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት በ1993 ዓ.ም. ከወጣ፣ አፕል ሚዩዚክም ይህን የመሰለ ጥራት በ2013 ዓ.ም. ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከሰጠ ወዲህ፣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከኮምፒውተሩ እስከ ማጉያው ባለችው አጭር መንገድ ነው፤ ብሉቱዝ ድምፁን እንደገና አምቆ ይልከዋል፣ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካውንም ሙዚቃ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ 48,000 ይለውጠዋል። ስለዚህ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰውን፣ ዳክ የሚባለውን መሣሪያ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዞ ወደ ማጉያው ማሻገር፣ የኮምፒውተሩንም ልኬት ከቀረጻው ልኬት ጋር ማስተካከል ይገባል እላለሁ፤ ወጪውም ለዜማው ክብር የሚበዛ አይደለም።

ከካሴት ተገልብጦ የደበዘዘ ዘፈን ግን በዚህ ሁሉ አይታደስም። ስለዚህ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ የወሎ ድምፃውያን የተቀረጹበት የመጀመሪያ ቴፕ በእጁ የሚገኝ ሁሉ፣ ቴፑ በሻጋታ ሳይበላሽ፣ ሳይሸራረፍ በሚያስቀምጥ ቅጂ እንዲያስገለብጠው አጥብቄ እለምናለሁ።