መድኃኒት ወስዶ መኪናና ሞተር ስለ መንዳት

መድኃኒት የተሠራው ሰውን ለማዳን ነው። ነገር ግን በሽተኛው መኪና ነጂ ወይም የወፍጮ ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነ፥ ለእርሱ መዳኛ የሆነው ክኒን ለሌላው ሰው መሞቻ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ «ይህን የወሰደ መኪና አይንዳ፥ ሞተርም አያንቀሳቅስ» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ስለዚህ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። ሂስታሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ከአንድ በላይ ሥራ አለው፤ በአፍንጫና በቆዳ ላይ ንፍጥንና ማሳከክን ያመጣል፥ በአንጎል ውስጥ ግን ሰውን ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። ክሎርፌኒራሚን ሁለቱንም ስለሚከለክል፥ አፍንጫውን ሲያደርቅ ዓይኑንም ያስከድነዋል። ለሕመም የሚሰጠው ትራማዶል፥ ለጭንቀት የሚሰጠው ዳያዜፓም፥ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኖባርቢታል በሌላ መንገድ አሳብን ያፈዝዛሉ፥ እጅንም ያዘገያሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን፥ ሰውየው እንቅልፍ ሳይሰማው ሊዘገይ መቻሉ ነው። ማታ የተዋጠውም ክኒን ኃይሉ እስከ ማግሥቱ ጧት ሊቆይ ይችላል። በላዩ ጠላ ወይም አረቄ የተጠጣበት እንደ ሆነ ጉዳቱ እጅግ ይብሳል።

ከየጁቤ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጂ፥ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት በጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፥ በዚያ ስፍራ ጥቂት ማንቀላፋት ተሳፋሪውን ሁሉ ገደል መክተት ነው። የወፍጮውም ቺንጋ ያንቀላፋውን ሰው እጅ አይምርም።

ማስጠንቀቂያው ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛና በደቃቅ ፊደል ስለሚታተም፥ ለነጂውና ለገበሬው እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ስለዚህ ባለመድኃኒቱ ክኒኑን ሲሰጥ የሰውየውን ሥራ ሊጠይቅ፥ ማስጠንቀቂያውንም በአማርኛ ሊነግረውና ሊጽፍለት ይገባል። የየወረዳው ሹማምንት ይህ መፈጸሙን ይመልከቱ፤ ካህናትም ሕዝብ በሚሰበሰብበት በማኅበርና በዝክር ቀን፥ ጽዋው ሳይነሣ፥ ለምእመናን ይንገሩ።

በሽተኛውም ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ቢቀር በሽታው ብሶ ሊነሣ ይችላልና። ይልቁንስ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለማሳከክ እንደ ሎራታዲን ያለ ብዙ የማያስተኛ መድኃኒት አለ። ሌላ ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን መሪውን ለባልንጀራው ይስጥ። የአንድ ቀን ገቢ ይተካል፤ በገደል የቀረ ነፍስ ግን አይተካም።