ፈጣን ምት ከማስተማራችሁ በፊት አወራረዱን አስተምሩልኝ

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አይደለም፤ ስለ መረብ ኳስ ነው። «ዶክተር ደግሞ መረብ ኳስ ውስጥ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ በጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ የሚመጣውን ተማሪ የምቀበለው እኔ ነኝ።

ሸኮም ሆነ ሚዛን ወይም ቴፒ፣ ሁለት እንጨት ተተክሎ መረብ ከተወጠረ ጨዋታ አለ። ልጆቹ በስልክ እያዩ መሞከር የሚወዱት ደግሞ ፈጣኑን ምት ነው። ሴተሩ ኳሱን ሲነካ መቺው ቀድሞ አየር ላይ ነው፤ ብሎክ የሚሠሩት ሳይደርሱ ነገሩ ያልቃል። ደስ ይላል እኮ! ጃፓኖች በአሰልጣኝ ማትሱዳይራ ዘመን ረጃጅሞቹን አውሮፓውያን የተፈታተኑት በዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ የወንዶችን የኦሎምፒክ ወርቅ ወስደዋል። ስለዚህ «ልጆቹን ፈጣን ምት አታስተምሩ» አልልም። እኔን የሚያሳስበኝ ከምን ተጀምሮ እንደሚማሩት ነው።

በመረብ ኳስ ቁርጭምጭሚት በብዛት የሚጠመዘዘው መረቡ ሥር ነው። መቺው ወይም ብሎክ የሠራው ልጅ ሲወርድ የሌላ ሰው እግር ላይ ያርፋል። ሕጉም ብዙ አይከላከልላችሁም፤ ከእግር ጥቂቱ የመሃል መስመሩን ከነካ ወይም ከመስመሩ በላይ ከሆነ፣ ተጋጣሚን እስካላደናቀፈ ድረስ ቀሪው እግር ወደዚያኛው ሜዳ ቢገባ ጥፋት አይባልም። ፈጣን ምት ደግሞ የሁለቱንም ቡድን ሰዎች እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ላይ ያዘልላቸዋል።

ልጁ ወደ ፊት የሚወድቀው ለምን ይመስላችኋል? አብዛኛውን ጊዜ ስለዘገየ ነው። የዘገየ መቺ ኳሱ ላይ ለመድረስ ሽቅብ ሳይሆን ወደ ፊት ይዘላል፣ ከዚያ መስመሩን ተሻግሮ ያርፋል። ሰዓት መጠበቅንና አወራረድን ለያይታችሁ አታስተምሩ የምለው ለዚህ ነው።

እና የስፖርት መምህራን፣ እባካችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኳሱን አስቀምጡት። ከመረቡ አንድ ሰፊ እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ በአመድ መስመር አስምሩ። ልጁ ተንደርድሮ ሽቅብ ይዝለል፣ በሁለት እግሩ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ሳይጋጠሙ ከመስመሩ ወዲህ ይረፍ። ይህ ሲለምድ አንድ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ኳሱን በመዳፉ ከመረቡ ከፍ አድርጎ ይያዝለትና ከእጁ ላይ ይምታ። ቀጥሎ አጭር ውርወራ፣ በመጨረሻ እውነተኛው ቅብብል። ለሴተሩም ንገሩት፦ ኳሱን መረቡ ላይ አታጣብቅ፤ የመጣልህ ኳስ ከተበላሸ ፈጣኑን ትተህ ከፍ አድርገህ አንሳ።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ አነሳስንና አወራረድን የሚያስተምር፣ ተጎድተው ለነበሩት ደግሞ የሚዛን ልምምድ የጨመረ ፕሮግራም ተሞክሮ፣ የቁርጭምጭሚት ጉዳት በግማሽ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። ብር የሚጠይቅ ነገርም የለውም፤ አመዱ እንደሁ ከየቤቱ አይጠፋም።

«መቶ ጊዜ ዝለል» የሚባለው ነገር ግን ያናድደኛል። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት በዝላይ ብዛት ይታመማል፤ እዚያው ኖርዌይ በ2005 በወጣ ጥናት ከከፍተኛ ደረጃ ወንድ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች 45 በመቶ የሚሆኑት ይህ ሕመም ነበረባቸው። ሃያ ጥሩ ዝላይ ይበቃል። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ካዳለጠ (እኛ ጋ መቼ አይጥልም!) የዕለቱ ትምህርት ቅብብል ብቻ ይሁን። በቡና ለቀማ ወራት እግሩ የተጎዳ ልጅ ለቤተሰቡ ስንት እጅ እንደሚያጎድል ታውቁታላችሁ።

ከተጎዳስ? ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ገና ያበጠ እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አይታሽም፣ አይሳብም። ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ፣ ሳያጠብቁ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲነካ ካመመው፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ወዳለበት ተቋም ውሰዱት።

እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ ደግሞ ወደ መረቡ አትመልሱት። አንዴ የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት በተለይ በቀጣዮቹ ወራት በቀላሉ ይደገማል። ጠዋት መፋቂያውን ይዞ ጥርሱን ሲፍቅ በተጎዳው እግሩ ብቻ ይቁም፤ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ፣ በኋላ ሳይደገፍ። በዚያው እግር ያለ ሕመም እንጣጥ እንጣጥ ማለት ሲችል ፈጣን ምቱን ከአመዱ መስመር ይጀምር።