ካርድ ክፍል የቀረው የስኳር ሕሙማን ቁጥር

የስኳር ሕመም ጉዳቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ዓይን፣ ኩላሊትና ልብ መጎዳታቸው እስኪታይ ዓመታት ስለሚያልፉ፣ አንድ ሐኪም የራሱን ታካሚዎች ብቻ አይቶ ማን በምን ምክንያት እንደተጎዳ መለየት ይቸግረዋል። ስዊድን ሕሙማኗን በብሔራዊ መዝገብ ማስፈር የጀመረችው በ1996 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት ከዚሁ መዝገብ 271,174 የዓይነት ሁለት ሕሙማንን ወስዶ ሕመሙ ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸረ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው፣ ኮሌስትሮላቸው፣ የደም ግፊታቸውና በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን በልኩ የሆነላቸውና የማያጨሱት ሕሙማን፣ በሞትም ሆነ በስትሮክ ረገድ ከጤነኞቹ ብዙም አልተለዩም። ለሞት ቀዳሚው ጠቋሚ ሲጋራ ሆኖ ተገኘ፤ ስኳርን ብቻ እያየን ለምንጨነቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የልብ ድካም ስጋት ግን አምስቱ ሁሉ ተስተካክለውም አልጠፋም።

እኛ ዘንድ የሦስት ወሩ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ባይገኝም ደም ግፊትና የዕለት ስኳር ይለካሉ። የሚለካው ቁጥር ግን ካርድ ላይ ሰፍሮ ካርድ ክፍል ይቀራል። ይህን ቁጥር የሚሰበስብ የራሳችን መዝገብ ያስፈልገናል፤ የስዊድን ውጤት ካለ የእኛ ለምን ያስፈልጋል የሚል ግን ይኖራል። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በለጋ ዕድሜና በቀጭን ሰውነት ላይ እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። በጎንደርና በጅማ ገጠርም ከሲታ፣ ወጣትና ኢንሱሊን የሚያሻው ድሃ ገበሬ ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም «ዓይነት አምስት» ብሎ የተቀበለው ገና በ2025 ነው። ውፍረትን ብቻ የሚፈልግ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሰው ያልፈዋል።

መዝገብ መንስኤን አያረጋግጥም የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ስኳርን ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል የሚለው ግምት በአሜሪካና በካናዳ በ10,251 ሰዎች ላይ ሲፈተን፣ በጥብቅ ሕክምና ሥር በነበሩት ዘንድ ብዙ ሰው በመሞቱ ያ የሕክምና ክፍል በ2008 ተቋርጧል። ስለዚህ መዝገቡ ጥያቄውን ያነሳል፣ ሙከራው ይፈትነዋል፤ ጥያቄ ከሌለ ግን የሚፈተንም የለም። የምስጢር ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። አሠሪ የሠራተኛውን ሕመም ከመዝገብ ቢያውቅ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስምን በኮድ ተክቶ የኮዱን ቁልፍ ከተመራማሪው እጅ ማራቅ ደግሞ የታወቀ አሠራር ነው።

ለመጀመር መላ አገሪቱን ማዳረስ አያስፈልግም፤ የስኳር ክትትል ክፍል ያላቸው ጥቂት ሆስፒታሎች ይበቃሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ክብደት፣ ማጨስ አለማጨስና የእግር ምርመራ በየቀጠሮው ይመዝገቡ። ከሁሉም የሚከብደው ቀጠሮ ያቋረጡትን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ የቀረው ሰው በመድኃኒት ዋጋ ይቅር፣ ይሙት ወይም ጸበል ይግባ ካልታወቀ፣ መዝገቡ የሚቆጥረው ለመመላለስ አቅም የነበራቸውን ብቻ ይሆናል።